ስለ ሽብርና ድንበር ተሻጋሪ ወንጀል ሲወራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ብሔራዊ ቴአትርና ጋንዲ ሆስፒታል አካባቢ «ዶላር አለ?» እያለ ጠጋ የሚለውን ልጅ አይቶ «ይሄ ሁሉ ለአሸባሪ የሚሄድ ነው» የሚል አይጠፋም። ከሱ እንጀምር። ጅዳ ያለች ልጅ ለእናቷ በጥቁር ገበያ ብትልክ ሕግ ጣሰች እንጂ ሽብር አልደገፈችም፤ የሳባት የምንዛሪው ብልጫ ነው። ችግሩ ያለው ወዲያ ነው። ከባንክ ውጪ በሚሠራው በእንዲህ ያለው ሀዋላ ገንዘቡ ራሱ ድንበር አይሻገርም። እዚያ ያለው ሰው ሪያሉን ይቀበላል፣ እዚህ ያለው ሸሪኩ ብሩን ይከፍላል፣ ሒሳባቸውን በኋላ በዕቃም ሆነ በሌላ መንገድ ያቻችላሉ። እዚያ የቀረው ገንዘብ ለምን እንደዋለ ዘርዛሪውም እናትየውም አያውቁም።

«አሸባሪና ኮንትሮባንዲስት አንድ ናቸው» ማለትም ስህተት ነው። ለአሸባሪው ገንዘብ መጠቀሚያ ነው፣ ለኮንትሮባንዲስቱ ግቡ ራሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኙት እንደ ገዢና ሻጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ማድሪድ ባቡሮች ላይ የፈነዳው ዲናሚት ከሰሜን ስፔን የማዕድን ማውጫ ተሰርቆ በሐሺሽ የተለወጠ ነበር። ሻጮቹ የገዢዎቹ እምነት ጉዳያቸው አልነበረም።

ቀጣዩን ባንክ ቤት ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ ይስቱታል፤ ሽብርን በገንዘብ መርዳትንና ሕገወጥ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን እንደ አንድ ነገር ማየት። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 780/2005 ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ስለነበር አይፈረድባቸውም። ግን ገንዘብ የሚያጥበው ሰው ከወንጀል የመጣውን ንጹሕ ለማስመሰል ይደክማል፤ የሽብር ገንዘብ ደግሞ ከደመወዝ ወይም ከመዋጮ ሊነሳ ይችላል፣ ወንጀሉ ያለው መድረሻው ላይ ነው። መጠኑም ትንሽ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን ላይ የደረሰው ጥቃት ከ8,000 ፓውንድ ያነሰ ወጪ እንደጠየቀ የእንግሊዝ መንግሥት ሪፖርት ገልጿል። ትልልቅ ገቢ ብቻ የሚያሳድድ የባንክ ሠራተኛ ይሄን አያገኘውም።

የአሸባሪ ገንዘብ ከየት ይመጣል ሲባል ዕፅ ብቻ ማሰብም ያሳስታል። ጎረቤታችን ሶማሊያ ውስጥ አል-ሸባብ የከበረው ከከሰል ጭምር ነው (አዎ፣ ቡና ከምናፈላበት ከሰል)። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት የሶማሊያ ከሰል ወደ ውጭ እንዳይላክ ያገደው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። አል-ሸባብ ኬላ ላይ የሚያስከፍለው ግብርማ የባሰ ነው፤ ለከፈለ ሹፌር ደረሰኝ ይቆርጥለታል፣ ሹፌሩም ቀጣዩ ኬላ ላይ እሱን አሳይቶ ያልፋል። ዝርፊያ ሲደራጅ ቢሮ ይመስላል።

«እኛን አይመለከትም» የሚለውን ቂርቆስ ሰፈር ሄዶ የሚደፍረው የለም። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. የሽብር ቡድኑ አይኤስ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያንን መግደሉ ሲሰማ ለቅሶው እዚያ ነበር። እዚህ ላይ ግን ስደተኛ የሚያሻግረውን ደላላ አሸባሪ እያሉ መጻፍ ተለምዷል። ደላላው የሚሸጠው በሱዳን አድርጎ ሊቢያ የሚያደርስ መንገድ ነው፤ የሚመለከተውም በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚከለክለው አዋጅ 1178/2012 እንጂ፣ ሌላ ማስረጃ ካልተገኘ በቀር፣ የሽብር አዋጁ 1176/2012 አይደለም።