ለአነስተኛ የመጠጥ ውኃ ግድብ የአደጋ ደረጃ አወጣጥ

የአደጋ ደረጃ የሚነግረን ግድቡ ቢፈርስ ማን እንደሚጎዳ ነው፤ ስለ ግድቡ ጤንነት አይናገርም። አንድም ስንጥቅ የሌለበት አዲስ ግድብ ከሥሩ ሰው ከሰፈረ «ከፍተኛ» ይባላል፤ የተሰነጣጠቀውም ከታቹ ግጦሽ ብቻ ከሆነ «ዝቅተኛ» ሊሆን ይችላል። ይዞታውን፣ ማለትም የግድቡን ጤንነት፣ ለብቻው መዝግቡ። ሁለቱ ሲደባለቁ «ግድቡ ደህና ነው» ይባልና ከታች ያለው ሰው ይረሳል።

ሥራው የሚጀመረውም ከታች ነው። ጂፒኤስና ሜትር ይዛችሁ ወንዙን ተከትላችሁ ውረዱ። ለምሳሌ ደሴ ከኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ በቦርከና ሸለቆ የሚወርድ ውኃ ሜዳው ላይ እስኪደርስ ብዙም አይበተንም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ወርዶ ማቆም አይበቃም። የእያንዳንዱ ቤት ወለል ከወንዙ ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል፣ ሌሊት ስንት ሰው እንደሚያድርበት ጻፉ። ድልድይ፣ ትምህርት ቤት፣ ፋብሪካ፣ ጠበል አይዘለል። ግድብ ዝናብ በሌለበት በጠራራ ፀሐይም ይፈርሳልና ወንዙ ውስጥ ልብስ የሚያጥቡትንና አሸዋ የሚያወጡትንም ቁጠሩ።

የአፈር ግድብ ሲፈርስ የሚለቀውን ከፍተኛ ፍሰት ለመገመት የፍሮሊክ ቀመር ይረዳል፦ የውኃው መጠን በሜትር ኩብ ወደ 0.295 ኃይል፣ ጥልቀቱ በሜትር ወደ 1.24 ኃይል ይነሣ፤ ሁለቱ ተባዝተው በ0.607 ይባዙ። 400,000 ሜትር ኩብ የያዘ የ12 ሜትር ግድብ በሴኮንድ 590 ሜትር ኩብ ገደማ ይለቃል። ከዚያ በየጠባቡ ቦታ ጥልቀቱንና ፍጥነቱን በማኒንግ ቀመር (ከወንዙ ቅርጽ፣ ቁልቁለትና ሸካራነት ተነሥቶ የውኃን ፍጥነት የሚያሰላ) አስሉ። ጥልቀቱ በሜትር፣ በሴኮንድ በሚሄደው ሜትር ፍጥነቱ ሲባዛ 0.4 ካለፈ ሕፃን አይቆምበትም።

አንድ ሰው እንኳ ሊሞት የሚችል ከሆነ ደረጃው ከፍተኛ ነው። ሰው ባይነካም መንገድ ወይም የከተማዋ ብቸኛ የውኃ ምንጭ የሚጠፋ ከሆነ መካከለኛ፤ ጉዳቱ ከግድቡ ባለቤት ካላለፈ ዝቅተኛ። ካመነታችሁ የላይኛውን ያዙ። ከታች አዲስ ቤት በተሠራ ቁጥር ደግሞ ደረጃው እንደገና ይታይ።

በይዞታው በኩል የመውጫው ቧንቧ ዙሪያ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስባል። አፈሩ ከቧንቧው ሥር በደንብ ስለማይጠቀጠቅ ውኃ እዚያ መንገድ ያገኛል። ስርገቱን ለመለካት ግርጌው ላይ የ90 ዲግሪ መለኪያ ቆርቆሮ (አናቱ በV ቅርጽ የተቆረጠ) ትከሉ፤ ውኃው ከቁርጡ ጫፍ በላይ 5 ሳንቲ ሜትር ሲነበብ በሴኮንድ 0.8 ሊትር፣ 10 ሲነበብ 4.4 ሊትር ነው። የግድቡን የውኃ ከፍታም በዚያው ቀን መዝግቡ። ከፍታው ሳይለወጥ ስርገቱ ከጨመረ አደጋ አለ። የሰረገውን ውኃ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ከሥሩ ደለል ከተቀመጠ እየወጣ ያለው የግድቡ አፈር ነው። ውኃው የሚወጣበትን ቦታ በጭቃ አትድፈኑት፤ ውኃው ታምቆ በሌላ በኩል ይፈነዳል። መጀመሪያ ንጹሕ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ ጫኑበት። መውጫውን ከፍታችሁም ውኃውን አውርዱ፤ ከታች ያለው ሰውም ወዲያው ይነገረው።

የፍልፈልና የጃርት ጉድጓድ ይፈለግ። ግድቡ ላይ የበቀለ ባሕር ዛፍ በችግኝነቱ ይነቀል፤ ትልቁ ተቆርጦ ሥሩ ሲበሰብስ ዋሻ ይሆናል።

ለበጋ ውኃ ይተርፍ ተብሎ ማስተንፈሻው (ትርፍ ውኃ የሚፈስበት መውጫ) ላይ የአሸዋ ጆንያ መደርደር ፈጽሞ አይገባም፤ የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ በአናቱ ዘልሎ የአፈር ግድብን በሰዓታት ውስጥ ይበላዋል። ሰኔ ሳይገባ ጆንያውም ደለሉም ይነሣ። በዚያው ሰሞን ከግድቡ ጥበቃ ስልክ ጋር የቀበሌው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ጠባቂና የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ቁልፍ ያዥ ስልክ በአንድ ወረቀት ይለጠፍ፤ ሌሊትም ተደውሎ ይሞከር።