የመኪናዎ አንድ ኪሎ ሜትር በእርግጥ ስንት ያስወጣል?

መኪና ያለው ሰው ስለ ወጪው ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው የነዳጁን ሂሳብ ነው። ነዳጅ በየሳምንቱ ከኪስ ሲወጣ ስለሚታይ ይህ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ከባዱ ወጪ መኪናው ቆሞ ሳለ እንኳ በዝምታ የሚሄደው ነው፤ ይህም ደረሰኝ ስለሌለው ከሂሳቡ ይዘለላል። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሂሳቡን ስሠራ የጻፍኩት ነዳጅና ሰርቪስ ብቻ ስለነበር፣ ያገኘሁት ቁጥር ከእውነተኛው ግማሽ እንኳ አልደረሰም፤ በዚያ ቁጥር ተመርቼ የወሰንኳቸው ነገሮችም ልክ አልነበሩም። ስለዚህ ሂሳቡን ከሥሩ እንሥራው።

ከሁሉ በፊት አንድ ደብተር መኪናው ውስጥ ያኑሩ። ነዳጅ በሚቀዱ ቁጥር ቀኑን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብ፣ የሊትሩን መጠንና የከፈሉትን ገንዘብ ይጻፉ። ፍጆታውን በትክክል የሚለካው ከሙሉ እስከ ሙሉ የሚደረገው መንገድ ነው፦ ታንኩን እስከ አፉ ሞልተው ንባቡን ይመዘግባሉ፣ እንደ ልማድዎ ይነዳሉ፣ ከዚያ እንደገና እስከ አፉ ሲሞሉ የገባው ሊትር በመካከል ለተጓዙት ርቀት የተቃጠለው ነው። ለምሳሌ ሁለተኛው ሙሊት 36 ሊትር ቢፈጅና ቆጣሪው 450 ኪሎ ሜትር ቢጨምር፣ መኪናው ለ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ይፈጃል ማለት ነው። የመጀመሪያው ሙሊት የት ላይ እንደቆመ ሁልጊዜ እኩል ስለማይሆን አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ መወሰን አይበቃም፤ የአምስት ወይም የስድስት ሙሊት ድምር ይበልጥ ይታመናል። ቆጣሪውም ራሱ ፍጹም አይደለም። ያለቀ ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ለተመሳሳይ ርቀት ብዙ ጊዜ ይሽከረከራል፤ በዚህም ምክንያት ቆጣሪው ከአዲስ ጎማ ጋር ሲነጻጸር እስከ 2 በመቶ ያህል አብዝቶ ሊቆጥር ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ከኪሎ ሜትሩ ጋር አብሮ የሚያልቀው ነገር ነው፦ ጎማ፣ ዘይትና ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ። እዚህ ላይ የሚሠራው ቀላል ማካፈል ነው። የአራት ጎማ ዋጋ 40,000 ከሆነና ጎማዎቹ 50,000 ኪሎ ሜትር የሚያስኬዱ ከሆነ፣ ጎማ ብቻውን በኪሎ ሜትር 0.80 ያስወጣል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት የገንዘብ ቁጥሮች ለማሳያ ብቻ የተወሰዱ ስለሆኑ በሚጠቀሙበት ገንዘብና በራስዎ ዋጋ ይተኩአቸው።) በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ 4,000 የሚያስወጣ የዘይት ለውጥም እንዲሁ 0.80 ይሆናል። ጎማው ዘንድሮ ስላልተገዛ ብቻ ከሂሳቡ ማውጣት ግን ስሕተት ነው፤ ባለፈው ዓመት የተገዛው ጎማ ዛሬም በየመንገዱ እያለቀ ነው። ድንገተኛ ጥገናውን በተመለከተ፣ ያለፉትን ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት የጋራዥና የመለዋወጫ ደረሰኞች ደምሮ በዚያ ጊዜ ለተነዳው ኪሎ ሜትር ማካፈል ይሻላል። በምሳሌአችን 1.20 እንበለው።

የዓመት ክፍያዎች ቀላል ስለሆኑ ብዙ አያቆዩንም። መድን፣ ግብር፣ ዓመታዊ ምርመራና የመኪና ማቆሚያ ተደምረው በዓመት 36,000 ይሁኑ።

ሂሳቡ የሚከብደውም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም የዋጋ ቅናሽ ላይ ነው። በ900,000 የተገዛ መኪና ከአምስት ዓመት በኋላ በ600,000 ቢሸጥ 300,000 ጠፍቷል፤ በዓመት 60,000 ማለት ነው። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ግን መኪናው ከተገዛበት በላይ ሊሸጥ ስለሚችል ባለቤቱ ያተረፈ ይመስለዋል። ይህ እንዳያታልል እኔ የምጠቀምበት መንገድ ሁለቱንም ዋጋ ከአንድ ቀን ገበያ መውሰድ ነው። መኪናውን ስትገዙት ሦስት ዓመት ያገለገለ ከነበረና አሁን ስምንት ዓመት ከሞላው፣ ተመሳሳይ ሞዴል ሆኖ ሦስት ዓመት ያገለገለ መኪና ዛሬ ስንት እንደሚሸጥ ይጠይቁ፤ ከዚያ የእርስዎ፣ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ይጠይቁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአምስት ዓመት ውስጥ በእርግጥ የተበላው ዋጋ ነው፤ ገበያው ምንም ያህል ቢወጣ ያንን አይሰርዘውም።

መኪናው ላይ የታሰረው ገንዘብም ዋጋ አለው። በምሳሌአችን መነሻው 900,000፣ መድረሻው 600,000 ስለሆነ በአማካይ 750,000 ታስሮ ቆይቷል፤ ያ ገንዘብ ሌላ ቦታ በዓመት 6 በመቶ ያስገኝ ነበር ከተባለ 45,000 ቀርቷል ማለት ነው። የዋጋ ቅናሹን አሁን በተገለጸው በአንድ ቀን ገበያ መንገድ ካሰሉት ግን የወለዱን መጠን ከዋጋ ንረቱ የሚበልጠውን ያህል ብቻ ይውሰዱ፤ አለዚያ ንረቱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። መኪናው በብድር የተገዛ ከሆነ ደግሞ ለተበደሩት ክፍል የሚቆጠረው ወለዱ ብቻ ነው። ወርሃዊ ክፍያውን በሙሉ ከዋጋ ቅናሹ ጋር መደመር የመኪናውን ዋጋ ሁለት ጊዜ እንደ መክፈል ይሆናል፤ ይህን ስሕተት በጥንቃቄ ከሚያሰሉ ሰዎች ዘንድ እንኳ ደጋግሜ አይቻለሁ።

አሁን እንሰብስበው። 60,000፣ 45,000 እና 36,000 ሲደመሩ የዓመቱ ቋሚ ወጪ 141,000 ይሆናል። መኪናው በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ቢነዳ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ላይ 11.75 ያርፋል። ነዳጁ፣ ሊትሩ 50 ቢሆን፣ 4.00 ነው፤ ጎማው፣ ዘይቱና ጥገናው 2.80 ናቸው። ጠቅላላው 18.55 ሲሆን ነዳጁ ከዚህ ውስጥ ከአምስት አንድ እጅ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ርቀትን በማይል የሚቆጥር ሰው ይህንኑ በ1.609 ያበዛዋል፤ ወደ 29.85 ይደርሳል።

ይህ ቁጥር ግን ከተነዳው ርቀት ጋር የታሰረ እንጂ የመኪናው ቋሚ ጠባይ አይደለም። ያው መኪና በዓመት 6,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢነዳ የኪሎ ሜትሩ ዋጋ 30.30 ይሆናል፤ 24,000 ቢነዳ ደግሞ ወደ 12.68 ይወርዳል። ብዙ የተነዳ መኪና በሽያጭ ጊዜ ዋጋው ይበልጥ ስለሚቀንስ የኋለኛው ከዚህ ትንሽ ከፍ እንደሚል መገመት ይገባል። ስለዚህ የሌላ ሰው የኪሎ ሜትር ዋጋ፣ መኪናው የእርስዎን ቢመስልም፣ ለእርስዎ አይሠራም።

ለዚህም ነው ደብተሩ ላይ ሁለት ቁጥር እንዲጻፍ አጥብቄ የምመክረው። መኪናውን ላቆየው ወይስ ልሽጠው ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ጠቅላላው፣ 18.55፣ ነው፤ ምክንያቱም መኪናው ከሌለ ሁሉም ወጪ ይቀራል። ዛሬ ለአንድ ጉዳይ በመኪናዬ ልሂድ ወይስ በሕዝብ ትራንስፖርት ለሚለው ግን መድኑም ሆነ ግብሩ ቢሄዱም ቢቀሩም ስለሚከፈል የሚታየው የነዳጁ 4.00 እና የጎማው፣ የዘይቱና የጥገናው 2.80 ድምር፣ 6.80፣ ብቻ ነው፤ እዚያ ደርሰው የሚከፍሉት የማቆሚያ ገንዘብ ካለ እሱን ይጨምሩበት። ሁለቱን ማምታታት በሁለቱም በኩል ይጎዳል፦ በጠቅላላው የሚያስብ ሰው መኪናውን ደጅ አቁሞ ለሌላ ትራንስፖርት ይከፍላል፤ በትንሹ የሚያስብ ደግሞ የማይጠቅመውን መኪና ለዓመታት ይዞ ይኖራል።

በመኪናው የሚሠራ ሰው አንድ ተጨማሪ ማካፈል ይቀረዋል። ከ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ 60ው ብቻ ክፍያ የሚገኝበት ከሆነና ቀሪው 40 በባዶ የሚነዳ ከሆነ፣ 18.55 በ0.60 ሲካፈል ወደ 30.92 ይመጣል። ለደንበኛ በኪሎ ሜትር ከዚህ በታች ዋጋ የሚጠራ ባለመኪና፣ ማታ ኪሱ ውስጥ ገንዘብ ቢያገኝም፣ የሚያወጣው ከመኪናው ላይ ቆርሶ ነው፤ የራሱ የጉልበት ዋጋም በዚህ ሂሳብ ውስጥ ገና አልተቆጠረም።