አስከሬንን በውሃ ማሟሟት በሕግ እንዲፈቀድ ከፈለጋችሁ ከፍሳሹ ጀምሩ

ብዙ ሰው ይህን ጉዳይ ይዞ የሚነሳው ማሽኑን በማድነቅ ነው። ስህተቱ እዚያ ነው። ሕጉ የሚወድቀውም የሚያልፈውም በፍሳሹ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በቅድሚያ አሠራሩን ራሳችሁ በደንብ እወቁት። አስከሬኑ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ጥብቅ አድርጎ የሚዘጋ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ውሃ እና ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ጠንካራ አልካሊ ይጨመርበታል፤ ከመቶ 95 እጁ ውሃ ነው። ከዚያ ይሞቃል፤ ሥጋው ሟሙቶ ፈሳሽ ይሆናል። ግፊት በሌለው ማሽን 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ከ14 እስከ 20 ሰዓት ይፈጃል፤ በግፊት የሚሠራው ደግሞ 150 ዲግሪ ላይ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይበቃዋል። ሲከፈት ትሪው ላይ የሚቀረው ነጭ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር አጥንት ነው። ሟች ሰው ሠራሽ የዳሌ ብረት ከነበረው ብረቱ ንጹሕ ሆኖ አጠገቡ ይገኛል። አጥንቱ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ለቤተሰብ ይሰጣል። የደቡብ አፍሪካው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ በ2022 የተሸኙት በዚህ መንገድ ነው።

ቀጥሎ በሥራ ላይ ያለውን ሕግ አንብቡ። አስከሬን ማቃጠልን “በእሳት” ብሎ ይተረጉመዋል ወይስ ሰፋ አድርጎ? ሕጉ ምንም ካላለ ደግሞ ዝምታውን እንደ ፈቃድ እንዳትቆጥሩት። በአሜሪካዋ ኦሃዮ በ2011 አንድ የቀብር አገልግሎት ሰጪ 19 አስከሬኖችን በዚህ ዘዴ ካስተናገደ በኋላ ባለሥልጣናት አስቁመውታል።

መንገዱ ከአንድ በላይ ነው። ትርጉሙን ማስፋት ፈጣን ነው፤ እኔ ግን የተለየ ምዕራፍ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም የእሳቱ ሕግ ስለ ጭስ እንጂ ስለ ኬሚካል፣ ስለ ግፊት፣ ስለ ፍሳሽ የሚለው ነገር የለውም። ስኮትላንድ በ2016 ያወጣችው የቀብር ሕግ ሌላ ብልሃት አለው፦ ለአዳዲስ ዘዴዎች ሚኒስትሮች ደንብ እንዲያወጡ ሥልጣን ይሰጣል።

አሁን ወደ ዋናው። እንግሊዝ ውስጥ አንድ የአካባቢ ምክር ቤት በ2017 ግንባታውን ፈቅዶ ነበር። የውሃ ኩባንያው ግን ፈሳሹን ወደ ፍሳሽ መስመር አላስገባም አለ። በቃ፣ ነገሩ እዚያው ቆመ። ስለዚህ ረቂቁ ሳይጻፍ በፊት የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱን በር አንኳኩ። ፈሳሹ ውስጥ ምን አለ? አሚኖ አሲድ፣ ስኳር፣ ጨውና ሳሙና፤ የዘረመል ቅሪት አይተርፍም። ችግሩ ፒኤቹ (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው) ከፍተኛ መሆኑ፣ መሞቁ እና ለማጣሪያ ጣቢያው ከባድ ኦርጋኒክ ጭነት መሆኑ ነው። ረቂቁ ላይ ፈሳሹ ከመለቀቁ በፊት የሚፈቀደውን የፒኤችና የሙቀት ወሰን፣ ናሙና ማን እንደሚወስድ፣ መዝገቡ የት እንደሚቀመጥ በግልጽ ይጻፍ።

በሕዝብ ውይይት ላይ አንድ ሰው ተነስቶ “እናቴን ፍሳሽ ውስጥ ልትጨምሯት ነው?” ማለቱ አይቀርም። እባካችሁ አትሸፋፍኑ። አዎ፣ ፈሳሹ ወደ ፍሳሽ መስመር ይሄዳል በሏቸው። በእሳት ሲሆንም ሥጋው በጭስ ማውጫው እንደሚወጣ፣ አስከሬን በመድኃኒት ሲዘጋጅም ደም በብዙ ቦታ ወደዚያው መስመር እንደሚፈስ ንገሯቸው። ሐዘን ያለበት ሰው እውነቱን ይችላል፤ መታለልን ግን አይረሳም። የሃይማኖት አባቶችንም ከመጀመሪያው ጥሩ። የአሜሪካዋ ኒው ሃምፕሸር በ2006 ፈቅዳ ብዙም ሳይቆይ ሕጉን ሽራዋለች፤ ያ እንዳይደገም ዘዴው ምርጫ እንጂ ግዴታ አለመሆኑ ሕጉ ውስጥ በጽሑፍ ይስፈር።

የቀረው ቴክኒክ ነው። አንድ አስከሬን ለብቻው። አልካሊ የማይበላው የብረት መለያ ቁጥር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሮት ይሁን። የሞቱ ምክንያት አጠራጣሪ ከሆነ መርማሪ ሐኪም ሳይፈቅድ አይጀመር፣ ምክንያቱም በኋላ የሚመረመር ሥጋ አይኖርም። ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) በእሳት ውስጥ ስለሚፈነዳ መውጣት አለበት፤ እዚህ ግን ግዴታ አይደለም። ጥጥ አይሟሟም፣ ሐርና ሱፍ ይሟሟሉ፤ ስለዚህ የመገነዣ ጨርቁም በመመሪያ ይወሰን። ለሠራተኛው የዓይን ማጠቢያና ጓንት ይኑር፣ አልካሊ ቆዳ ያቃጥላልና።

ሕጉ የሚጸናበትን ቀን አታጣድፉ። ካሊፎርኒያ በ2017 ፈርማ ሥራ ላይ ያዋለችው በ2020 ነው። በመሃል ያለው ጊዜ ደንቡ የሚወጣበት፣ ሲሊንደሩን ከፍቶ ማየትና የፒኤች መዝገቡን ማንበብ የሚችል ተቆጣጣሪ የሚሠለጥንበት ነው።