ለጨዋታ ቡድንዎ የእረፍትና የፈውስ ሕግ እንዴት ይመርጣሉ?

በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄዱ የምናብ ሚና ጨዋታዎች መሪው ስለ ጭራቆቹ፣ ስለ ካርታውና ስለሚገኘው ሀብት አብዝቶ ያስባል፤ የእረፍቱንና የፈውሱን ሕግ ግን ብዙውን ጊዜ መጽሐፉ ላይ እንዳገኘው ይተወዋል። ነገር ግን አንድ ውጊያ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ የትኛው ተጫዋች ጎልቶ እንደሚወጣና ታሪኩ በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ በአመዛኙ የሚወሰነው ጀግኖቹ መቼና የት ማረፍ እንደሚችሉ በሚደነግገው በዚህ ሕግ ነው። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ በ2014 የወጣውን የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛ እትም መሠረት ያደረገ ሲሆን፣ በ2024 የተሻሻለው ሕግ በሚለይበት ቦታ ልዩነቱን ይጠቁማል።

ሕጉ እረፍትን በሁለት ይከፍለዋል። አጭር እረፍት ቢያንስ 1 ሰዓት የሚቆይ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ተጫዋቹ ካለው የሕይወት ዳይስ (ለማገገሚያ ከተመደቡለት ዳይሶች) የፈለገውን ያህል ጥሎ፣ በእያንዳንዱ ላይ የአካል ብርታቱን ጭማሪ እየደመረ የሕይወት ነጥቡን ይመልሳል። ለምሳሌ የብርታት ጭማሪው 2 የሆነ፣ አምስተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ፋይተር (ተዋጊ) 44 ያህል የሕይወት ነጥብና 5 ባለ 10 ገጽ ዳይስ ይኖሩታል፤ አምስቱንም ቢጥል በአማካይ ከ37 ነጥብ በላይ ስለሚያገኝ፣ ዳይሶቹ ሌላ አንድ ሙሉ ሕይወት ሊባል ጥቂት የቀረው ስንቅ ናቸው ማለት ነው። ረጅም እረፍት ደግሞ ቢያንስ 8 ሰዓት ይፈልጋል፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 6ቱ የእንቅልፍ ሲሆኑ፣ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ዘብ መቆምን የመሰለ ቀላል ሥራ ይፈቀዳል። ሲጠናቀቅ የሕይወት ነጥቡ በሙሉ፣ ከዳይሶቹም ግማሹ ይመለሳል፤ በ2024ቱ ሕግ ግን ዳይሶቹም ሁሉ ይመለሳሉ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ረጅም እረፍት በላይ ጥቅም አይሰጥም።

በሰይፍ የቆሰለ ሰው እንዴት በአንድ ሌሊት ይድናል የሚለው ቅሬታ የቆየ ነው፤ መልሱም ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። መጽሐፉ ራሱ የሕይወት ነጥብን የሥጋ ጉዳት ብቻ ሳይሆን የአካልና የአእምሮ ጽናት፣ የመኖር ፍላጎትና የዕድል ድምር አድርጎ ይገልጸዋል። ስለዚህ ሕጉን ለመለወጥ የሚነሣ መሪ መነሻው የሕክምና እውነታ ባይሆን ይመረጣል። ይልቁንም ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው በሁለት ረጅም እረፍቶች መካከል በእርሱ ጠረጴዛ ላይ ስንት ውጊያ እንደሚካሄድ ነው።

ይህ ጥያቄ የሚያስፈልግበት ምክንያት ሁሉም ጀግኖች በአንድ ዓይነት እረፍት ስለማይጠቀሙ ነው። የዋርሎክ (ከኃያል ፍጡር ጋር በገባው ውል አስማት ያገኘ ጀግና) አስማት፣ የመንክ (በእጁ የሚዋጋ መነኩሴ) ኃይልና ፋይተሩ አንድ ተጨማሪ እርምጃ የሚወስድበት ችሎታ በአጭር እረፍት ይመለሳሉ፤ የዊዛርድ (አስማትን በጥናት የተማረ) እና የክሌሪክ (ፈውስ የሚሰጥ የአምላክ አገልጋይ) አስማት ግን በአመዛኙ ረጅሙን እረፍት ይጠብቃል። የ2014ቱ የመሪዎች መጽሐፍ አንድ ቡድን በቀን ከ6 እስከ 8 መካከለኛ ወይም ከባድ ፍልሚያዎችን እንደሚችልና በመካከሉም ሁለት ያህል አጭር እረፍት እንደሚያስፈልገው አስልቶ ነው የተነሣው። በቀን አንድ ውጊያ ብቻ በሚካሄድበት ጠረጴዛ ዊዛርዱ ያለውን አስማት ሁሉ በዚያች አንዲት ውጊያ ላይ ያፈስሰዋል፤ አጭር እረፍት ተስፋ አድርጎ የተፈጠረው ዋርሎክ ደግሞ ሁለት አስማት ጥሎ ቀሪውን ጊዜ ያው ተራ ምቱን ይደጋግማል። ስለዚህ ምንም ነገር ከመለወጥዎ በፊት ያለፉትን ጥቂት የጨዋታ ምሽቶች ማስታወሻ አውጥተው በሁለት ረጅም እረፍቶች መካከል የነበሩትን ውጊያዎች ይቁጠሩ።

ቁጥሩ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ፣ ማለትም ታሪኩ በረጅም ጉዞ ወይም በቤተ መንግሥት ሽኩቻ ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ እረፍቱን ማራዘም ተገቢ ነው። መጽሐፉ በአማራጭነት ያስቀመጠው አንደኛው ሕግ አጭሩን እረፍት 8 ሰዓት፣ ረጅሙን 7 ቀን ያደርገዋል። ይህን የሚመርጥ መሪ ስለ አስማቶቹ ዕድሜም ማሰብ አለበት፤ የዊዛርዱ የአስማት ጥሩር 8 ሰዓት ብቻ የሚቆይ በመሆኑ፣ በመደበኛው ሕግ ለአንድ ቀን ውጊያዎች ሁሉ የሚበቃው አስማት በአዲሱ ሕግ ለሳምንቱ አንዲት ውጊያ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያሉትን አስማቶች ዕድሜ አብሮ ማራዘም ፍትሐዊ ነው። ጀብዱው በዋሻና በፍርስራሽ ውስጥ የሚካሄድ ከሆነ ግን በጠላት መካከል 7 ቀን መተኛት ስለማይታሰብ ይህ ሕግ አይሠራም። በተቃራኒው፣ ውጊያው ያለማቋረጥ እንዲሄድ የሚፈልግ ቡድን አጭሩን 5 ደቂቃ፣ ረጅሙን 1 ሰዓት የሚያደርገውን አማራጭ ሊወስድ ይችላል።

እኔ የምመርጠው ግን ሰዓቱን ሳይነኩ ቦታውን መገደብ ነው፦ አጭር እረፍት የትም ይፈቀዳል፤ ረጅም እረፍት ግን ጣሪያ፣ ምግብና ደኅንነት ባለበት ስፍራ፣ ለምሳሌ በከተማ፣ በምሽግ ወይም በወዳጅ ቤት ብቻ። በዚህ ሕግ ጉዞውም ዋሻውም በአንድ ሚዛን ይዳኛሉ፤ መሪውም በካርታው ላይ መጠጊያዎቹን በማራቅና በማቅረብ ብቻ ክብደቱን ማስተካከል ይችላል።

የተፈጥሮ ማገገምን ብቻ ማዘግየት የሚፈልጉ መሪዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በቀድሞዎቹ እትሞች ያረፈ ሰው በቀን ከ1 እስከ 3 ነጥብ ያህል ብቻ ያገኝ ነበር፤ በ2000 የወጣው ሦስተኛ እትም ይህን ለአንድ ሌሊት በደረጃው ልክ አደረገው፤ በ2008 የወጣው አራተኛ እትም ደግሞ ሙሉ ነጥቡን በአንድ ረጅም እረፍት መለሰ። ሆኖም በቀድሞው ዘመን ጀግኖቹ ለሳምንታት አልጋ ላይ አልቆዩም፤ ክሌሪኩ አስማቱን ሁሉ ለፈውስ አውሎ፣ አድሮ እንደገና ይፈውሳቸው ነበር። አስማቱ በየማለዳው እስከተመለሰ ድረስ ቁስሉን ማዘግየት ታሪኩን አያዘገይም፤ ሸክሙን በአንድ ተጫዋች ጫንቃ ላይ ያኖረዋል እንጂ።

የመረጡት ሕግ ምንም ይሁን ምን፣ መተኛት ዋጋ ከሌለው ተጫዋቾች ከየውጊያው በኋላ ይተኛሉ፤ በዚህም ሊወቀሱ አይገባም። ታጋቾቹ ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዱ፣ የሸሸው ጠላት አጋዥ ጦር ይዞ ይመለስ፣ የተጀመረው የአስማት ሥነ ሥርዓት ወደ ፍጻሜው ይቅረብ። ሌሊት ላይ የሚደርስ ጥቃት እረፍቱን ያፈርስ እንደሆነም አስቀድመው ይወስኑ። የ2014ቱ ሕግ ስለ 1 ሰዓት ጉዞ፣ ውጊያና አስማት የሚናገርበት ዐረፍተ ነገር 1 ሰዓቱ ለጉዞው ብቻ ይሁን ለሁሉም ስላልለየ ለክርክር ክፍት ነው፤ የ2024ቱ ግን ውጊያ እንደተጀመረ እረፍቱ እንደሚቋረጥ፣ ወዲያው ከቀጠሉት ግን ለእያንዳንዱ መቋረጥ 1 ሰዓት ብቻ እንደሚጨመር በግልጽ ስለሚደነግግ፣ የቀድሞውን እትም የሚጫወቱም ቢዋሱት ይጠቅማቸዋል።

የሚቀረው በውጊያ መካከል የሚሰጠው ፈውስ ነው። ነጥቡ 0 የደረሰ ጀግና በየተራው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ስኬት ሲሆን፣ ሦስት ስኬት ከሞት አፋፍ ይመልሰዋል፣ ሦስት ውድቀት ይገድለዋል። ከ0 በታች የሚሄድ ጉዳት በአብዛኛው ስለማይቆጠርና 1 ነጥብ ያለው ጀግና ሙሉ ጤነኛ ከሆነው እኩል ስለሚዋጋ፣ ብልህ ፈዋሽ ጓደኛው እስኪወድቅ ጠብቆ ከ60 ጫማ ርቀት በአንዲት አጭር የፈውስ ቃል ያነሣዋል። ይህ የሚያስከፋው ቡድን ለእያንዳንዱ መውደቅ አንድ ደረጃ ድካም (በደረጃ እየከበደ ጀግናውን የሚያዳክም ሁኔታ) ሊጨምር ይችላል። በ2014ቱ ሕግ ግን ስድስተኛው ደረጃ ሞት ሲሆን፣ አንድ ረጅም እረፍት የሚያነሣውም አንዱን ደረጃ ብቻ ነው፤ ረጅም እረፍትን በቦታ ከገደቡ ሁለቱን ሕጎች አንድ ላይ ማዋል ቡድኑን በአንድ ዋሻ ውስጥ ሊጨርሰው ይችላል። ለእንዲህ ያለው ጠረጴዛ የሚስማማው፣ የተመዘገቡት የሞት ውድቀቶች ጀግናው ሲነሣ እንዳይሰረዙና እስከሚቀጥለው አጭር እረፍት እንዲቆዩ ማድረግ ነው።

ውሳኔዎን ተጫዋቾች ጀግኖቻቸውን ከመፍጠራቸው በፊት ያሳውቋቸው። ዘመቻው ከተጀመረ በኋላ መለወጥ ካስፈለገም በሁለት ጀብዱዎች መካከል ይሁን፤ ለውጡ የሚጎዳው ዋርሎክ ወይም ክሌሪክ ካለም፣ የመረጣቸውን አስማቶች ወይም ጀግናውን ራሱን ያለ ቅጣት እንዲቀይር ይፍቀዱለት።