ድጋፍ ግንቡ ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ አዘነበለ፤ ምን ነካው?

የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ከፈንታሌና አዋሽ አካባቢ የተነሳው፣ መጠኑ 6.0 የሆነው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ወሬው ሁሉ ስለ ፎቅ ሆነ። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። በፉሪ፣ በየካና በእንጦጦ ግርጌ ዳገት እየቆረጥን በሠራናቸው ግቢዎች ውስጥ አፈሩን ደግፈው የቆሙት የድንጋይ ግንቦች አሳሰቡኝ። ከግንቡ በላይ አንድ ቤተሰብ፣ ከግንቡ ሥር ሌላ ቤተሰብ ይተኛል።

አስቀድመን አንድ ስሌት እንይ። ከ3 ሜትር ግንብ ጀርባ ያለ ደረቅ ገረገንቲ (ጠጠርማ የሙሌት አፈር) በአንድ ሜትር የግንብ ርዝመት ላይ 2.7 ቶን ያህል ይገፋል። ያው ሙሌት እስከ አፉ ውሃ ከጠጣ ግፊቱ ወደ 6 ቶን ይጠጋል። የመሬት ስበትን አንድ አስረኛ የሚያህል የአግድም ነውጥ ቢመጣ ደግሞ አፈሩ የሚጨምረው 0.6 ቶን ገደማ ነው። የግንቡ የራሱ ክብደት የሚያመጣው ግፊት ቢታከልበት እንኳ ውሃው ከጨመረው ግማሽ አይሞላም። ስለዚህ ያዘነበለ ግንብ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውሃ ነው። መንቀጥቀጡ ቀድሞ የታመመውን ነው የሚጥለው።

ግንቡ ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ከጀርባው መሬቱ ተሰንጥቋል

ከግንቡ አንድ ሁለት ሜትር ገባ ብሎ፣ ግንቡን ተከትሎ የሚሄድ ስንጥቅ በግቢው ላይ ይታያል። በስንጥቁና በግንቡ መካከል ያለው አፈርም ትንሽ ወርዷል።

ብዙ ሰው ግንቡ እንደ ደወል የተርገበገበ ይመስለዋል። የ3 ሜትር ግንብና ከጀርባው ያለው ጠንከር ያለ አፈር ግን በራሳቸው የሚርገበገቡት በሴኮንድ ከ10 ጊዜ በላይ ሲናጡ ነው። ከፈንታሌ እኛ ዘንድ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ፈጣኑ ሞገድ መንገድ ላይ ይደክማል፤ የሚደርሰን በአብዛኛው ዝግተኛው ነው። ይህ ሞገድ ረጅም ፎቅ ላይ መብራት ያወዛውዛል፤ አጭሩን ግንብ ግን ከመሬቱ ጋር አንድ አድርጎ ወዲያና ወዲህ ይወስደዋል። ጉዳቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ግንቡ ወደ ውጭ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ከጀርባው ያለው አፈር ተንሸራቶ ክፍተቱን ይሞላል። መሬቱ ሲመለስ ግንቡ መግቢያ ያጣል፤ የተከተለውን አፈር መልሶ መግፋት እጅግ ከባድ ነውና። በሚሊ ሜትር የጀመረው ነገር መንቀጥቀጡ ሲደጋገም እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው? ስንጥቁ ላይ በሁለት ሦስት ቦታ ስስ ጄሶ ይለጥፉና ቀኑን ይጻፉበት። ጄሶው ከተሰነጠቀ ግንቡ ገና እየሄደ ነው። ከግንቡ አናትም በየወሩ ከአንድ ቦታ ላይ ቱንቢ (ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድ) ጥለው ከግርጌው ያለውን ርቀት ይለኩ። ከቆመ፣ የመሬቱን ስንጥቅ በተጠቀጠቀ ሸክላማ አፈር ሞልተው የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይውሰዱ። እየሄደ ከሆነ፣ ወይም ግንቡ ሆድ ካወጣ፣ መጀመሪያ ከሥር ያሉትን ሰዎች ያንሱ፤ ከዚያ መሐንዲስ ይጥሩ። በሲሚንቶ ለጥፎ መደበቅ ለጎረቤት ወጥመድ መተው ነው።

ክረምቱ እየዘነበ የውሃ ማውጫ ቱቦዎቹ ደረቅ ናቸው

ይህን ምልክት ሰው እንደ ጤና ያየዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው። ውሃው ታግቷል ማለት ነው። መንስኤው ብዙ ጊዜ ለመሠረት የተቆፈረው ኮትቻ ተመልሶ ከግንቡ ጀርባ መሞላቱ ነው። በተለይ በኮዬ ፈጬና በአቃቂ በኩል ይህ ጥቁር አፈር በክረምት አብጦ ይገፋል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ለሚቀጥለው ዝናብ በር ይከፍታል። አለም ገና አካባቢ ደግሞ ግንበኛው ለማሳመር ብሎ የቱቦዎቹን አፍ በልስን የደፈነበትን ግንብ አይቻለሁ። ልስኑን ስንፈነቅል ጭቃ ውሃ ፈሰሰ።

ቱቦዎቹን በብረት ዘንግ ይጥረጉ። ካልተከፈቱ ወይም ከመጀመሪያውም ካልነበሩ፣ ከሥር ካለው መሬት ትንሽ ከፍ ብሎ በየ1.5 ሜትሩ ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቁ ቀዳዳዎች ይበሱና ባለ 75 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይግባባቸው። ዘላቂው ሥራ በበጋ ኮትቻውን ከላይ ወደ ታች እየጫሩ ማውጣት ነው፤ ከዚያ ከግንቡ ጀርባ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር፣ ከጠጠሩ ኋላ ገረገንቲ ይሞላል። አፈሩ እንዳይደፍነው በመካከላቸው ማጣሪያ ጨርቅ ይነጠፍ።

ከላይ ያለው የብሎኬት አጥር ብቻ ተሰንጥቋል

ድጋፍ ግንቡ ላይ የተደረደረ፣ ፌሮ የሌለው ብሎኬት ከሥሩ ካለው ድንጋይ ይበልጥ ይወዛወዛል፤ መገጣጠሚያው ላይ ይቆረጣል። ያፍርሱትና በቆርቆሮ ወይም በሽቦ ይተኩት። ጠርዝ ላይ ያለውን ሮቶም ያርቁት፤ 2,000 ሊትር ማለት 2 ቶን ነው።

የግንቡ እግር ተጋልጧል

ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ዝቅ ይላል፣ ወይም የታች ጎረቤት ለራሱ መሠረት ይቆፍራል። ያ የተነሳው አፈር ግንቡን ከፊት ይዞት የነበረ ነው። ሌላው ጥፋት መጀመሪያውኑ ስስ አድርጎ መሥራት ነው፦ 3 ሜትር የሚደግፍ የድንጋይ ግንብ ከግርጌው ቢያንስ 1.5 ሜትር ስፋት ይፈልጋል፤ የ50 ሴንቲ ሜትር ግንብ አጥር ነው።

የተጋለጠውን እግር በኮንክሪት ወይም በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) ይደግፉት። ሲቆፍሩ ግን ሙሉውን ርዝመት በአንዴ አይክፈቱ። በ1 ሜትር ክፍል ከፍለው አንዱን እየዘለሉ ይሥሩ፤ የመጀመሪያው ኮንክሪት ሳይጠነክር ቀጣዩን አይንኩ።