ትራውት ስታጠምዱ አልጌ ካስቸገራችሁ

ዴንቨር አካባቢ ሆናችሁ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ ትራውት የተባለውን ዓሣ የምታጠምዱ ወገኖች፣ በጋው ሲገፋ ይህን ልብ በሉ። ውሃው ይቀንሳል፣ ፀሐዩ ይበረታል፣ ድንጋዩም እንደ ፀጉር የተንዘረፈፈ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል። መንጠቆው ታች ሲደርስ እሱን ጠቅልሎ ይመጣል። በአረንጓዴ ክር የተጀቦነ መንጠቆ ደግሞ ትራውት ዞር ብሎም አያየውም።

መንጠቆውን ወደ ታች የሚያሰምጠውን የእርሳስ ክብደት ቀንሱ። መንጠቆው ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይሂድ። ወይም ጭራሽ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ፣ ዝንብ መሳይ ሰው ሠራሽ ማጥመጃ እሰሩ። በየሁለት ሦስት ውርወራው መንጠቆውን በጣታችሁ ጠረግ አድርጉት።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ዓሣው ነው። አልጌ ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት መልሶ ይወስዳል። ሙቅ ውሃ ደግሞ ድሮውንም የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትር ያዙ። ውሃው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም 68 ፋራናይት ከደረሰ፣ በቃ፣ እቃችሁን ሰብስቡ። ታግሎ የደከመ ዓሣ መልሳችሁ ብትለቁትም ላይተርፍ ይችላል።

ስትወጡ ቡትሳችሁን ገልብጣችሁ እዩት። ዲዲሞ የሚባለው አልጌ ሲነኩት እንደ እርጥብ ሱፍ ነው፤ በአንዲት ጠብታ ውሃ ከወንዝ ወንዝ ሊዛመት ይችላል። ጭቃውን እዚያው ዳር አራግፉ። ቤት ስትገቡ 5 በመቶ የዕቃ ሳሙና ባለበት ውሃ በደንብ እጠቡት። ደርቋል ካላችሁ በኋላም ሌላ 48 ሰዓት ሳትነኩት ይቆይ። ሶሉ ፌልት (የተጠቀጠቀ ወፍራም ጨርቅ) ከሆነ ግን ውሃ ቋጥሮ ስለሚቆይ በላስቲክ ሶል ብትቀይሩት ይሻላል።