ሴክሬተርን በምራቅ መለየት፦ ለደጋም ለቆላም ላብራቶሪ

ኖሮቫይረስ አንድ ቤት ገብቶ ሁሉንም ሲያስመልስና ሲያስቀምጥ አንዱን ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። ምክንያቱ ሁልጊዜ ንጽሕና አይደለም። ኤፍዩቲ2 የተባለው ጂን ኤች የሚባለውን ምልክት በአንጀት ግድግዳና በምራቅ ውስጥ ያስወጣል፤ አብዛኛው ኖሮቫይረስ የሚጣበቀው በዚህ ላይ ነው። ፒ8 የተባሉት የሮታቫይረስ ዓይነቶችም ምልክቱ ያለውን ሰው ይበልጥ ያጠቃሉ። ምልክቱን የሚያወጣው ሴክሬተር፣ ጂኑን ከእናትም ከአባትም ተበላሽቶ የወረሰው ደግሞ ነን-ሴክሬተር ይባላል። ለመለየት ውድ ማሽን አያስፈልግም፤ የደም ዓይነት የሚሠራ ላብራቶሪ አንቲ-ኤች ሌክቲን (ኤችን የሚይዝ ከተክል የሚወጣ ፕሮቲን) ቢጨምር ይበቃዋል።

5 ሚሊ ሊትር ያህል ምራቅ ተቀበሉ። አስቀድሞ አፍን በውኃ ማጉመጥመጥ ያስፈልጋል። መፋቂያ ድድ ስለሚያደማ ደም የቀላቀለውን ጣሉት። ምራቅ እምቢ ካለ ንጹሕ ሰም ይታኘክ፤ ማስቲካ ግን ስኳሩ ውጤቱን ያበላሻል። በ1,000 ጂ (የመሬት ስበት 1,000 እጥፍ) ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፊዩጅ አዙሩና የላዩን ፈሳሽ ወደ ሌላ ቲዩብ ቅዱ።

ቀጥሎ ቲዩቡን በሚፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጡ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ማፍላቱ ላይ ነው። ማፍላት የሚያስፈልገው ኤችን የሚበሉትን የምራቅ ኢንዛይሞች ለመግደል ነው፤ እነሱ ከተረፉ ሴክሬተሩ ነን-ሴክሬተር መስሎ ይወጣል። የተለመደው 10 ደቂቃ ውኃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ቦታ የተባለ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ውኃ በ96 ዲግሪ ገደማ፣ 2,800 ሜትር ላይ በተቀመጠችው ደብረ ብርሃን ግን በ91 ገደማ ይፈላል። ደጋ ላይ 20 ደቂቃ ስጡት፤ ሰዓቱም የሚቆጠረው ቲዩቦቹ ገብተው ውኃው እንደገና ሲንተከተክ ነው። ከመንዝ ጥሬ ምራቅ ይዞ ማታ ደብረ ብርሃን ላይ ማፍላት አያዋጣም፤ እዚያው አፍልቶ በበረዶ ማምጣት ይሻላል። ከዚያ ዳግም አዙሩ፣ የጠራውን ፈሳሽ በእኩል መጠን ሳላይን (የጨው ውኃ) አቅጥኑ። ዛሬ የማይሠራው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ይቀመጥ።

ቀጥሎ ሌክቲኑን በየእጥፉ አቅጥኑና ከኦ ደም ቀይ ሕዋስ ጋር 2+ (መካከለኛ ጉልበት) የሚያጓጉለውን የመጨረሻውን ቅጥን ያዙ። ከዚህ የበረታ ከሆነ በምራቁ ያለው ኤች አይበቃውም፤ ሁሉም ሰው ነን-ሴክሬተር ይሆንባችኋል። ሙቀት የማጓጎል ጉልበትን ስለሚለዋውጥ፣ በተለይ በኅዳር ውርጭ፣ ቅጥኑና ምርመራው በአንድ ክፍል፣ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ውስጥ ይሠሩ።

አራት ቲዩብ አሰልፉ፦ የተመርማሪው ምራቅ፣ የታወቀ ሴክሬተር፣ የታወቀ ነን-ሴክሬተር፣ ሳላይን። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጠብታ፣ በላዩ አንድ ጠብታ ሌክቲን፣ 10 ደቂቃ መጠበቅ። ከዚያ ከ2 እስከ 5 በመቶ የሆነ የታጠበ ኦ ሕዋስ አንድ ጠብታ ጨምራችሁ ከ30 ደቂቃ በኋላ አዙሩና አንብቡ። በምራቁ ያለው ኤች ሌክቲኑን ቀድሞ ስለሚይዘው፣ ካልጓጎለ ሴክሬተር ነው፤ ከጓጎለ አይደለም። ልብ በሉ፣ ንባቡ ከለመድነው የደም ዓይነት ምርመራ የተገላቢጦሽ ነው። የሳላይኑ ቲዩብ ካልጓጎለ ሌክቲኑ ቀጥኗልና ሁሉም ይደገም። ኤቢ የሆነ ሰው ኤች ያንሰው ይሆናልና በአንቲ-ኤ እና በአንቲ-ቢም ፈትኑት።

ፈቃድ ስትጠይቁ «የዘር ምርመራ» አትበሉ። ቃሉ ዛሬ ሌላ ነገር ያስታውሳል፤ «ከእናት ከአባት የሚወረስ ነገር» ማለት ይሻላል። ዝምድና የሌላቸውን ሰዎች ለመምረጥ ደግሞ ሽማግሌዎቹ እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ የሚነግሯችሁ ከማንኛውም ቅጽ ይልቃል።

ውጤቱ ላይ «አይታመምም» ብላችሁ አትጻፉ። በአፍሪካ የተለመደው ፒ6 ሮታቫይረስ ነን-ሴክሬተሩንም ይይዛል። ሮታሪክስ የተባለው የሮታቫይረስ ክትባት የተሠራው ከፒ8 በመሆኑ ነን-ሴክሬተር ሕፃን ላይ ምላሹ ደከም ሊል ይችላል፤ ቢሆንም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት የሚሰጠው ክትባት በዚህ ምርመራ ምክንያት አይቀርም።